የአስር ሚሊዮን ማይሉ ሰውዬ በእኛ ክፍል

ይህን የምጽፈው በዋናነት ለእንግሊዝኛ መምህራን ነው። በተለይ በፊልም ለማስተማር እያሰባችሁ ከየት እንደምትጀምሩ ለጨነቃችሁ። እኔ ሳልዘጋጅ ገብቼበት ተሰናክያለሁ። አንድ አባት ተቀይመውኛል፣ አንዲት ተማሪዬም እያለቀሰች ከክፍል ወጥታብኛለች። ዛሬ ግን ደሴ ላይ ከምሰጣቸው ትምህርቶች ሁሉ በጣም የምወደው ይኸው የፊልም ክፍለ ጊዜ ነው። መሃል ላይ የሆነውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ከመምህርነት ወጥቼ ለአምስት ዓመት ስልጠና በሚሰጥ አንድ ድርጅት ውስጥ ሠርቻለሁ። ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ሰማይ ላይ ነበር ማለት ይቻላል። ሰኞ ገና ሳይነጋ በሐረጎ ቁልቁለት በጭጋግ ውስጥ ወደ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ እወርዳለሁ። አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ቦሌ ነኝ። ከዚያ ጅግጅጋ፣ ጋምቤላ፣ አሶሳ፣ አንዳንዴም ናይሮቢ። ቅዳሜ እመለሳለሁ፤ እሁድ ልብሴን አጥቤ ሻንጣዬን መልሼ እሞላለሁ።

አየር መንገዱ የበረራችሁትን ርቀት የሚቆጥርበት የማይል ካርድ ነበረኝ። ሲጀመር ሰማያዊ ነው፣ ከዚያ ብር፣ ወርቅ፣ ፕላቲነም እያለ ይሄዳል። ካርዱ ምንም ጥፋት የለበትም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ቀለሙን እንደ ማዕረግ ቆጠርኩት። አንድ ዓመት ማለቂያ ላይ በስልክ ሊያልቅ ለሚችል ስብሰባ ሆን ብዬ በረርኩ። ደረጃዬ እንዳይወርድ ብቻ! ቤት ደግሞ ሥራ ነው አልኩ። ለባለቤቴ ስዋሽ የመጀመሪያዬ ነበር።

ያነቃኝ ቅሬ ነው። ወሎ ያላደጋችሁ እድር ብላችሁ አንብቡት። የሰፈራችን ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክለው፣ መቃብር የሚቆፍረው፣ ለቀስተኛውን የሚያስተናግደው ቅሬው ነው። እኔ ግን ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነኝ። መዋጮና መቀጮዬን እየላክሁ ኃላፊነቴን የተወጣሁ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከኮምቦልቻ ስመለስ የቅሬያችን ዳኛ መንገድ ላይ አገኙኝ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ አባቴን ያሳደጉ። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ዝግ ብለው "ልጄ፣ ስምህ መዝገቡ ላይ አለ፤ መልክህን ግን ልጆቹ አያውቁትም" አሉኝ። ቁጣ የለበትም። ያቺን ሌሊት ግን አልተኛሁም። ውሌ ሲያልቅ አላደስኩም፤ ወደ ጠመኔዬ ተመለስኩ።

በጣም የምትጓዙ ካላችሁ አንድ ምክር ልጨምር። ከቤት ውጭ ያደራችሁባቸውን ሌሊቶች በየወሩ ቀን መቁጠሪያ ላይ በቀይ ምልክት አድርጉ። ማይል የሚቆጥርላችሁ አለ፤ ሌሊቱን የሚቆጥርላችሁ ግን የለም። እኔ የቆጠርኩት ካበቃሁ በኋላ ነው። ከዓመቱ ግማሽ በላይ ሆነብኝ።

ወደ ክፍሉ ልግባ። በ2014 ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ የብዙ ትምህርት ቤቶች ዕቃ ጠፍቷል። እኛም ጋ ስንመለስ ባዶ ክፍል ነው የጠበቀን። ልጆቹ ዝም ብለዋል። እንግሊዝኛ ሲባል አንገታቸውን ይደፋሉ። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አብዛኛውን ትምህርት በዚሁ ቋንቋ ነው የሚማሩት፤ ግን አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አፋቸውን ሞልተው አይናገሩም። የዚያ ዓመት የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ በአገር ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። አንድ ነገር መሞከር አለብኝ አልኩ። በ2015 የራሴን ላፕቶፕ ይዤ፣ ፕሮጀክተር ከወዳጅ ተውሼ፣ አስራ አንደኛ ክፍል ገባሁ። 58 ልጆች።

የመረጥኩት ፊልም "አፕ ኢን ዚ ኤር" ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ፣ ጄሰን ራይትማን ያዘጋጀው፣ ጆርጅ ክሉኒ የሚተውንበት። ራያን ቢንግሃም የሚባል ሰው ነው ታሪኩ። ሥራው ከተማ ለከተማ እየበረረ፣ ራሳቸው ማባረር ለሚፈሩ አለቆች ሠራተኛ ማሰናበት ነው። በዓመት 322 ቀን መንገድ ላይ ያድራል። ቤቱ የሚያሳልፋቸው 43 ቀናት ያስጠሉታል። የሕይወት ግቡ 10 ሚሊዮን ማይል መሙላት ነው። በኪሎ ሜትር 16 ሚሊዮን ይሆናል፤ ምድርን ወደ 400 ጊዜ መዞር ማለት ነው።

ለምን መረጥኩት? ስለ እኔ ስለሆነ። የመጀመሪያው ስህተቴ ይኸው ነበር። ልጆቹ ምን ያስፈልጋቸዋል ብዬ ሳይሆን እኔን ምን ነካኝ ብዬ ነው የመረጥኩት።

ሁለተኛው ስህተት የባሰ ነው። ፊልሙን ያየሁት ድሮ አውሮፕላን ላይ ነበር። አውሮፕላን ላይ የሚታዩ ፊልሞች ብዙ ጊዜ ለቤተሰብ የማይሆነው ተቆርጦ እንደሚወጣላቸው ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ክፍል ውስጥ የከፈትኩት ቅጂ ሙሉው ነበር። ሰላሳ ደቂቃ ሳይሞላ በልጆች ፊት መታየት የሌለበት ነገር መጣ። በእጄ መብራቱን ጋረድኩ፣ ከዚያ ላፕቶፑን ዘጋሁ። ሴቶቹ ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ።

በማግስቱ የአንዱ ልጅ አባት መጡ። አልጮሁም። "መምህር፣ ልጄን እንግሊዝኛ ይማር ብዬ ነው የላክሁት፤ አደራ ነው የሰጠሁዎት" አሉ። አደራ ሲሉኝ የምመልሰው ጠፋኝ። ይቅርታ ጠየቅሁ። ሰበብ አልደረደርኩም፤ ሰበብም አልነበረኝም።

እባካችሁ፣ ክፍል ውስጥ የምታሳዩትን እያንዳንዷን ሰከንድ ያንኑ ቅጂ ከፍታችሁ ቀድማችሁ እዩ። "አውቀዋለሁ" አትበሉ። እኔ ከዚያ ወዲህ ሙሉ ፊልም ይዤ ክፍል አልገባም። የምፈልጋትን ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ቆርጬ ለብቻዋ ፋይል አደርጋታለሁ። ሌላው ላፕቶፑ ላይ እንኳ አይኖርም። ለወላጆች ደግሞ በአማርኛ አንድ ገጽ እጽፋለሁ፦ ፊልሙ ስለ ምን እንደሆነ፣ የትኛው ክፍል እንደሚታይ፣ ልጁ ምን እንደሚማርበት። መጨረሻው ላይ ቢሯችን መጥተው ቀድመው ማየት እንደሚችሉ እጨምራለሁ። ተቀይመውኝ የነበሩት አባት መጥተው አዩ። ሻይ ጠጥተን ተለያየን።

በርግጥ መቁረጡ ሌላም ችግር ፈታልኝ። ፊልሙ 109 ደቂቃ ነው፤ ክፍለ ጊዜያችን ደግሞ 40 ደቂቃ። ረጅም ሳሳያቸው ልጆቹ ምስሉን ይከተላሉ፣ ቋንቋው በጎን ያልፋል። ሰውየው ሲያዝን ይስቃሉ። አሳይቼ ስጨርስ "ምን ተረዳችሁ?" ብል "ሀብታም ነው" ይሉኛል። የሦስት ደቂቃዋን ግን አራት ጊዜ ማየት ይቻላል። መጀመሪያ ያለ ድምጽ አሳያቸዋለሁ፤ ምን እየተባባሉ እንደሆነ ይገምታሉ። በጣም የሚያወሩት እዚህ ጋ ነው፣ ምክንያቱም ግምት ስህተት የለውም። ቀጥሎ በድምጽ። ከዚያ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ። የአማርኛ ጽሑፍ ካለ አጥፉት፤ ዓይን ሁልጊዜ ወደሚቀለው ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ንግግሩን ወረቀት ላይ ክፍት ቦታ ትቼ እሰጣቸዋለሁ፣ እያዳመጡ ይሞላሉ። ቃላቱን ከስምንት አላሳልፍም።

ሦስተኛው ስህተቴ ላይ ነው ልቤ የሚቆየው።

ሰዎቹ ሲባረሩ የሚታይበትን ክፍል መረጥኩ። ይህ ክፍል አንድ ድንቅ ነገር አለው። እየተባረሩ ከሚታዩት ብዙዎቹ ተዋናይ አይደሉም። በዚያን ጊዜ የኢኮኖሚ ቀውስ በእውነት ሥራቸውን ያጡ፣ የአሜሪካዎቹ ከተሞች የዲትሮይትና የሴንት ሉዊስ ሰዎች ናቸው። አዘጋጁ በጋዜጣ ማስታወቂያ ፈልጎ ነው ያገኛቸው። ካሜራ ፊት ቁጭ ብለው የተናገሩት ከራሳቸው ሕይወት ነው። ለቋንቋ መምህር ይሄ ወርቅ ነው። ይንተባተባሉ፣ ጀምረው ይተዉታል፣ ይደግሙታል። መጽሐፍ ላይ የማይገኝ እንግሊዝኛ። ደስ ብሎኝ ይህን ሁሉ እያብራራሁ ሳለ ከኋላ አንዲት ልጅ ተነስታ ወጣች። ዓይኗ በእንባ ሞልቷል።

እህቷ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ትሠራ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ሥራው ቆመ። የቤቱ እንጀራ በእሷ ነበር። እኔ ዲትሮይትን ሳወራ ልጅቷ የቤቷን ምድጃ እያሰበች ነው። ክፍሌ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ስንት እንዳለ አልጠየቅሁም ነበር። ከተማችን ውስጥ እየኖርኩ! ከኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ነው ያለነው፤ ግማሹ ልጅ እዚያ የሚሠራ ዘመድ አለው።

ስለዚህ አሁን ከባድ ነገር ያለበት ክፍል ከማሳየቴ በፊት ባለው ቀን ምን እንደሚያዩ በአማርኛ በግልጽ እነግራቸዋለሁ። ማየት የማይፈልግ ልጅ ምክንያት ሳይጠየቅ ቤተ መጻሕፍት ሄዶ ሌላ ሥራ ይሠራል። አንድም ቀን ማንንም "ለምን?" ብዬ አላውቅም።

ልጅቷ በሁለተኛው ቀን ራሷ መጣች። "ቲቸር፣ እህቴ ያለችውን ብጽፈው ይታረምልኛል?" አለችኝ። እህቷን ቁጭ አድርጋ በአማርኛ ጠየቀቻት፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ ጻፈችው። ሁለት ገጽ ሙሉ። ከዚያ በፊት ከአምስት መስመር በላይ ጽፋ አታውቅም። ሰዋስው ስህተቱ ብዙ ነው፤ ግን እያንዳንዱን ስህተት ለማረም ተሽቀዳድማ ትጠይቀኝ ነበር፣ ምክንያቱም የእህቷ ቃል ነው። እንዲበላሽ አልፈለገችም። ያኔ ነው የገባኝ። ፊልሙ በር ብቻ ነው። ትምህርቱ ያለው በሩ ተከፍቶ ልጆቹ ስለ ራሳቸው ቤት ማውራት ሲጀምሩ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ የትምህርቱን አካሄድ ቀየርኩ። ሦስት ደቂቃ ፊልም፣ ቀሪው የልጆቹ።

ከዚሁ ክፍል አንድ ግሩም የቋንቋ ትምህርት ወጣ። አሰናባቹ "ተባረሃል" የሚለውን ቃል ይሸሻል፣ ዙሪያውን ነው የሚሄደው። እንግሊዝኛው "ለት ዩ ጎ" ይላል፤ እንልቀቅህ እንደማለት፣ የደግ ሰው ይመስላል። ልጆቹን በአማርኛስ አልኳቸው። ሰሌዳው ሞላ፦ ተሰናበተ፣ ተቀነሰ፣ ተባረረ፣ ከሥራ ወጣ፣ "አርፈህ ቤትህ ተቀመጥ ተባለ"። የትኛውን አለቃ ይናገረዋል፣ የትኛውን እናት ለጎረቤት ትናገረዋለች ብለን ተከራከርን። ተደራጊ ግሥን በዚያች ሰዓት የተማሩትን ያህል በሦስት ሳምንት መልመጃ አላስተማርኳቸውም። "ፊልም ፈተና ላይ አይመጣም" ለሚሏችሁ ባልደረቦች ይህን አሳዩዋቸው። ተደራጊ ግሥ ፈተና ላይ ይመጣል።

አራተኛው ስህተቴን ልጆቹ ናቸው ያረሙልኝ። ስለ መብረር በተወያየንበት ቀን ሃያ ደቂቃ ሙሉ ሰበክኋቸው። ሆቴል ብቸኝነት ነው፣ ማይል ከንቱ ነው፣ እኔን እዩኝ። አንድ ቀጭን ልጅ እጁን አወጣ። "ቲቸር፣ እርስዎ ጠግበው ነው። እኛ ገና አልቀመስነውም" አለ። ክፍሉ ፀጥ። እውነቱን ነው። ከ58ቱ አውሮፕላን የተሳፈረ አንድም አልነበረም። የሚያውቁት አውሮፕላኑ ከከተማችን በላይ ካለው ከጦሳ ተራራ ጋር አንገት ለአንገት የሚያልፍ ሲመስላቸው ሽቅብ ማየት ነው። መምህር መደምደሚያውን ይዞ ከገባ ልጅ ለመናገር ምን ቀረው? አሁን ጥያቄ ብቻ ይዤ እገባለሁ፤ የራሴን ታሪክ የምናገረው ሲጠይቁኝ ነው።

ሲጠይቁኝ ደግሞ ደስ ይላል። አንዷ "አውሮፕላን ውስጥ ከፍታው ጆሮ ይደፍናል?" አለችኝ። ተሳፋሪው የሚቀመጥበት ክፍል አየር ተጠቅጥቆ ነው የሚያዘው፤ አውሮፕላኑ የፈለገ ቢወጣ ውስጡ ያለው ግፊት ብዙውን ጊዜ ከ2,400 ሜትር ከፍታ በላይ ያለን ቦታ እንዳይመስል ተደርጎ ይሠራል። ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ናት። እኛ እዚህ ቁጭ ብለን ከተሳፋሪው ይልቅ የሳሳ አየር እንተነፍሳለን ማለት ነው። ጭብጨባው! ይህንኑ በእንግሊዝኛ ለማነጻጸሪያ ዓረፍተ ነገር ተጠቀምንበት።

የንባብ ጽሑፍም ራሴ አዘጋጀሁ፣ የፊልሙ ሰውዬ ተጋንኖ እንዳይመስላቸው። ስቲቨን ሮትስታይን የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1987 ለአሜሪካን ኤርላይንስ 250 ሺህ ዶላር ከፍሎ ዕድሜ ልክ አንደኛ ማዕረግ የመብረር መብት ገዛ። ከአስር ሺህ ጊዜ በላይ በረረ። አየር መንገዱ እ.ኤ.አ. በ2008 ትኬቱን ሰረዘበት፣ ነገሩም ፍርድ ቤት ደረሰ። ቶም ስቱከር የሚባለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990 ከዩናይትድ ኤርላይንስ በ290 ሺህ ዶላር ተመሳሳይ ትኬት ገዝቶ ከ20 ሚሊዮን ማይል በላይ በርሯል። ልጆቹ ተከፋፍለው ተሟገቱ፤ ሰዎቹ አተረፉ ወይስ ከሰሩ? በእንግሊዝኛ ተናደው ሲከራከሩ ያየሁት ያን ቀን ነው። ተናዶ የሚናገር ልጅ ሰዋስው አይፈራም።

ከሁሉ የበለጠው የሻንጣው ክፍል ነው። ቢንግሃም አዳራሽ ውስጥ ሰዎችን የጀርባ ቦርሳ እንዳላችሁ አስቡ ይላቸዋል። ዕቃችሁን ሁሉ ጨምሩበት፤ ከዚያ ዘመዶቻችሁን፣ ጓደኞቻችሁን። ክብደቱ ይሰማችኋል? መንቀሳቀስ ሕይወት ነው፣ አራግፉት፣ ነው ነገሩ። አጭር ነው፤ ንግግሩም ቀስ ያለና ጥርት ያለ ስለሆነ ለጀማሪ ይመቻል። ሌላ ፊልም ባታሳዩ እንኳ ይህን አሳዩ።

በእናንተ ቦርሳ ውስጥስ ምን አለ አልኳቸው። አንዷ ስለ አክስቷ ጻፈች። አክስቷ የበረረችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ወደ ሳዑዲ። ሰባት ዓመት ሆናት። "አንዲት በረራ ከአስር ሚሊዮን ማይል ልትረዝም ትችላለች" የሚል ሐሳብ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ጽፋ አነበበች። ብዙዎቹ ቤታቸው እንዲህ ያለ ሰው አላቸው፤ ወሎ ነን። ያን ወረቀት አሁንም አስቀምጬዋለሁ።

"እርስዎ ጠግበው ነው" ያለኝ ልጅ አባት የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። ከኮምቦልቻ በባቲ አድርገው፣ ሚሌን አልፈው ጅቡቲ። ልጁ ቢንግሃምን አልወደደውም። "ይሄ ሰውዬ ስንቅ አያውቅም" አለ። አባቱን ክፍል ማምጣት እችላለሁ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ከመጣላችሁ እሺ በሉ። ርዕሰ መምህሩን ቀድማችሁ አስፈቅዱ፣ ጊዜው ከአርብ የጁምዓ ሰዓት ጋር እንዳይጋጭ ተጠንቀቁ፣ እንግዳው እንግሊዝኛ ባይችሉም አትጨነቁ። እንደውም ባይችሉ ይሻላል። መብራት በሄደበት ቀን ቢሆንም ችግር የለም፤ እኛ ጋም ያን ቀን መብራት ሄዶ ነበር።

አባትየው ቅዳሜ ጠዋት መጡ፣ ኮታቸውን ለብሰው። ሰሌዳው ፊት ቆመው ስለ አፋር ሙቀት፣ መኪና ሥር ስለሚታደርበት ሌሊት፣ ልጃቸው ሲወለድ የት እንደነበሩ ነገሩን። እሳቸው በአማርኛ ያወራሉ፣ ልጁ አጠገባቸው ቆሞ በእንግሊዝኛ ያስተረጉማል። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ግን አላቆመም። እናትየው ስለሚቋጥሩላቸው ስንቅ ሲደርሱ ልጁ ቆመ። ቃሉ ጠፋው። አንዱ "ፉድ" ብሎ ጮኸ። ልጁ ራሱን ነቀነቀ። ሌላዋ መዝገበ ቃላት ገልጣ "ፕሮቪዥንስ" አለች። ያንንም አልተቀበለም፤ "እሱ ገበያ ይገዛል፤ ይሄ ሰው ነው የሚቋጥረው" አለ። አባቱ ወደኔ ዞረው ምን እንዳጠፉ ጠየቁኝ። ምንም አልኳቸው። ክፍሉ ገና እየተከራከረ ሳለ ልጁ ጠመኔውን አንስቶ "ስንቅ" ብሎ በአማርኛ ጻፈና ወደሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር አለፈ።